የፒክአፑ ኋላ ሲወርድ፦ የአየር ሞላ የሚያነሳውና የማያነሳው



የዛሬው ዝግጅት በፒክአፕ ተሳቢ ለምትጎትቱ ነው። በአሜሪካ ካሉ ወገኖቻችን መካከል ከጨረታ መኪና እየገዛ በተሳቢ የሚያመጣ አለ፤ የሣር ማጨጃና የግንባታ ዕቃ ሲያመላልስ የሚውል አለ፤ የምግብ መሸጫ ተሳቢውን ይዞ ከአንዱ ፌስቲቫል ወደ ሌላው የሚዞርም አለ። ሥራው ይለያይ እንጂ ጠዋት ተሳቢው ሲያያዝ የሚታየው ነገር ያው ነው። የፒክአፑ ኋላ ቁልቁል ይወርዳል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል። ማታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ረጅም መብራት ያበራችሁበት እየመሰለው ብልጭ ድርግም ያደርግባችኋል። መሪውም እጅ ላይ ይቀላል።

ይህን ያየ ወዳጅ ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፤ "ኤርባግ አስገጥምበትና ተገላገል" ይላል። በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ የሚፈነዳውን ማለቱ አይደለም። ከኋላ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የሚገባውን፣ አየር የሚሞላውን ወፍራም የጎማ ከረጢት ማለቱ ነው። እንዳይምታታ እኔ የአየር ሞላ እለዋለሁ።

የወዳጃችን ምክር ግማሹ እውነት ነው። የአየር ሞላ የወረደውን ኋላ ያነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ኋላው ከተነሳማ መኪናዬ የበለጠ መሸከም ቻለ" ብሎ ሲደመድም ነው። እኔ በዕቃው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ ሲሸጥ አብሮት በሚነገረው ወሬ ላይ ነው። ስለዚህ አገጣጠሙን ከማየታችን በፊት ምን እንደሚሠራ እንይ።

አገር ቤት ሳሉ መኪና ያሽከረከሩ አድማጮቻችን ባሌስትራን ያውቁታል። ጭነት የበዛበት ሾፌር ጋራዥ ገብቶ አንድ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ያስጨምራል። መላው ይሠራል፤ ግን ባሌስትራው ጭነት ይኑር አይኑር ያው ጠንካራ ነው። መኪናው ባዶውን ሲሄድ እንደ ጋሪ ያንገጫግጫል። የአየር ሞላ ብልጫው እዚህ ላይ ነው፤ ጭነት ሲኖር ይነፋል፣ ጭነት ሲወርድ ይተነፍሳል። ባሌስትራው ወይም ጥምዝ ሞላው ቦታውን አይለቅም፣ የአየር ሞላው ከጎኑ ሆኖ ያግዘዋል።

ባለ 18 ጎማ የምትነዱ እዚህ ጋ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። እናንተ የምታውቁት የአየር ከረጢት ዋናው ሞላ ነው፤ ከፍታውን የሚጠብቅ ቫልቭ አለው፣ ጭነት ሲጨመር አየሩን ራሱ ይጨምራል። በፒክአፕ ላይ የምንገጥመው ግን ረዳት ብቻ ነው። ካልነፋችሁት አይነፋም፣ ካላስተነፈሳችሁት አይተነፍስም።

ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የአየሩ ግፊት አየሩ በሚገፋው ስፋት ይባዛል። አየሩ የሚገፋበት ስፋት 15 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ነው ብንል ወደ 177 ስኩዌር ሴንቲሜትር ይሆናል። 50 ፒ ኤስ አይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ሲሞላ አንዱ ከረጢት ብቻውን 620 ኪሎ ያህል ይሸከማል። በግራና በቀኝ ሁለት ናቸው። በገበያው ታዋቂ ከሆኑት አንዱ፣ በ1949 በሚሺጋን ግዛት ላንሲንግ ከተማ የተቋቋመው የኤር ሊፍት ኩባንያ ሎድ ሊፍተር 5000 የሚለው ጥንድ፣ ቁጥሩ እንደሚናገረው እስከ 5,000 ፓውንድ የማስተካከል አቅም አለው ይባላል። የፋየርስቶን ራይድ ራይትም በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

"የማስተካከል አቅም" ማለቴን ያዙልኝ። ከረጢቱ 5,000 ፓውንድ ቢያነሳም፣ ከሥሩ ያለው አክስል፣ ኩሺኔታው፣ ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ ተለጣፊ ታያላችሁ። መኪናው በጠቅላላው፣ አክስሎቹም እያንዳንዳቸው ስንት ፓውንድ እንደሚችሉ ተጽፎበታል። ሌላ ተለጣፊ ደግሞ ተሳፋሪና ጭነት ተደምረው ከስንት ማለፍ እንደሌለባቸው ይናገራል። የአየር ሞላ ከነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አይለውጥም። መመሪያውን ያነበበ ሰው አምራቾቹ ራሳቸው ይህንኑ እንደጻፉ ያገኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ፒክአፑ ፎርድ ኤፍ 150 ነው እንበል፤ ባለ አራት በር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 145 ኢንች ገደማ። ተለጣፊው ተሳፋሪና ጭነት ከ1,600 ፓውንድ አይለፍ ይላል። የሚጎትተው ተሳቢ 6,000 ፓውንድ ይመዝናል። በሂች፣ ማለትም ከፒክአፑ ኋላ በሚገጠመው ማያያዣ ብረት፣ ኳስ ላይ የሚጎተት ተሳቢ ደህና እንዲሄድ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። 12 በመቶ ብንይዝ 720 ፓውንድ ነው። ይህ 720 ፓውንድ ከ1,600ው ላይ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። አራት ትልልቅ ሰዎች 700 ፓውንድ ቢመዝኑ፣ የሂቹ ብረት ራሱ 80 ቢሆን፣ ድምሩ 1,500 ገባ። የቀረችው 100 ፓውንድ ናት። ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ ጄነሬተርና ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ከተጫነ አለቀ። ኋላው በአየር ሞላ ቀጥ ብሎ ቢቆምም መኪናው ከአቅሙ በላይ ነው፤ እንዲያውም ቀጥ ማለቱ ያታልላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊት ጎማ ነው። ኳሱ ከኋላ አክስል ጀርባ አራት ጫማ ያህል ወጥቶ ተቀምጧል። እዚያ ላይ 720 ፓውንድ ሲጫን የኋላ አክስል መጋጠሚያ ይሆናል፣ የፊተኛው ወገን ይነሳል። በምሳሌያችን ከፊት ጎማዎች ላይ 240 ፓውንድ ገደማ ይነሳል፤ ኋላ ላይ ደግሞ 720 ሳይሆን 960 ያርፋል። መሪው የሚቀለው ለዚህ ነው፤ በዝናብ ቀን ኩርባ ላይ መኪናው አልታዘዝ የሚለው ለዚህ ነው፤ ከፍሬኑ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የፊት ጎማዎች መንገዱን በደንብ የማይዙትም ለዚህ ነው። አሁን የአየር ሞላውን ንፉት። ኋላው ተነሳ፣ አፍንጫው ወረደ፣ መብራቱ መንገድ ላይ አረፈ። ከፊት የሸሸው 240 ፓውንድ ግን አልተመለሰም። ለዓይን የተስተካከለው መኪና በሚዛን ላይ ሲወጣ ያው ነው።

ያንን ክብደት ወደፊት የሚመልሰው ክብደት አከፋፋይ ሂች ነው። በግራና በቀኝ ሁለት የተወጠሩ ብረቶች አሉት፤ ብረቶቹ ከኳሱ ላይ ከፊሉን ክብደት ወደ ፊት ጎማና ወደ ተሳቢው አክስል ያስተላልፋሉ። ከባድ ተሳቢ በኳስ ለሚጎትት ሰው ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ይህን አስቀድማለሁ። የአየር ሞላ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተሳቢው እንደ ጅራት እየተወዛወዘ ላስቸገረው ሰውም የአየር ሞላ መድኃኒት አይደለም። መወዛወዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ሲያጋድልና ኳሱ ላይ የሚያርፈው ሲያንስ ነው፤ ጭነቱን ወደፊት አሸጋግሩ።

ታዲያ የአየር ሞላ ለማን ነው? ክብደቱ በተለጣፊው ልክ ውስጥ ሆኖ ኋላው ለሚወርድበት፣ አንድ ቀን ጭኖ አንድ ቀን ባዶውን ለሚሄድ፣ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው አክስሉን ለሚመታበት፣ በጭነት ሳጥኑ መካከል በሚገጠም ሂች ለሚጎትት። ለነዚህ ጥሩ ዕቃ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጋራዡ እንግባ።

መጀመሪያ መኪናችሁ ከኋላ ምን ዓይነት ሞላ እንዳለው እወቁ። ኤፍ 150 እና ሲልቨራዶ በአብዛኛው ባሌስትራ ናቸው። ራም 1500 ከ2009 ሞዴል ጀምሮ፣ ቶዮታ ታንድራም ከ2022 ጀምሮ ከኋላ ጥምዝ ሞላ ነው ያላቸው። ለጥምዝ ሞላ እዚያው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ከረጢት አለ፤ ኤር ሊፍት 1000 የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው። ልኩ 1,000 ፓውንድ፣ ግፊቱም ከ35 ፒ ኤስ አይ አያልፍም። ለባሌስትራ መኪና የሚሠራው ከረጢት ግን ወፍራም ነው፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 100 ፒ ኤስ አይ ይይዛሉ። የሚገዛው ለመኪናው ዓመትና ሞዴል ተብሎ በካርቶን የታሸገው ሙሉ ዕቃ ነው። "ይሄም ይሆናል" ተብሎ የተገዛ የብረት መያዣ የፍሬን ቱቦ ሲጫን አይቻለሁ።

ሥራው ለለመደ ሰው የግማሽ ቀን ነው። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ያዙ። ሻንሲውን በክሪክ አንሱና የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት የለም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። የሚነሳው ሻንሲው ነው፤ አክስሉ ወደታች እንዲወርድ ይተዋል፣ ከረጢቱ የሚገባበት ቦታ የሚከፈተው እንደዚያ ነው። ሲወርድ ግን የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ዓይናችሁ እዚያ ላይ ይሁን።

በብዙ መኪኖች ላይ ከአክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ የተሰካ ጥቁር ጎሚኒ ታገኛላችሁ። ሻንሲና አክስል ሲቀራረቡ ምቱን የሚቀበል ነው። እሱ ይወጣል፣ የከረጢቱ የላይኛው ብረት ቦታውን ይወስዳል። የታችኛው ብረት አክስሉንና ባሌስትራውን አቅፎ ይታሰራል። እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ይቸኩላል። ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቧቸው። ከላይና ከታች ያሉት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት መተያየታቸውን፣ ከረጢቱ አለመጣመሙን እዩ፤ ከዚያ በኋላ በቶርክ ቁልፍ በመመሪያው ልክ አጥብቁ። የተጣመመ ከረጢት ዛሬ አይፈነዳም፤ በአንድ ጎኑ እየታሸ ውሎ አድሮ ይበላል። ሲነፋም እንደሚሰፋ አትርሱ፤ ዙሪያውን ቢያንስ ግማሽ ኢንች ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የአየር ቱቦው ነው። ከገጣሚዎች ስህተት አብዛኛው የሚገኘው እዚህች ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ነው። በፒንሳ ወይም በሽቦ መቁረጫ የተቆረጠ ቱቦ ጫፉ ይጨፈለቃል፣ ሞላላ ይሆናል፣ አየር ያስወጣል። በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወደ መያዣው እስኪያቆም ድረስ፣ ግማሽ ኢንች አለፍ ብሎ እስኪገባ ግፉት፤ ከዚያ ሳብ አድርጋችሁ አለመውጣቱን እዩ። ከማርሚታውና ከጭስ ማውጫው አርቁት። ከረጢቱ ራሱ ለጭስ ማውጫው የቀረበ ከሆነ በካርቶኑ ውስጥ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አለ፤ "ትርፍ ዕቃ ነው" ብላችሁ አትጣሉት።

አንድ ቱቦ ለሁለቱም ይዘርጋ ወይስ ለየብቻ? ለየብቻ። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ መስመር ከተገናኙ መኪናው ኩርባ ሲይዝ የተጫነው ወገን አየሩን ወዳልተጫነው ይገፋዋል፤ መኪናው ይበልጥ ይጋደማል። ሁለት መስመር፣ ሁለት ቫልቭ ይሁን። ቫልቮቹ እንደ ጎማ ቫልቭ ያሉ ስለሆኑ በማንኛውም ነዳጅ ማደያ ይነፋሉ። ታርጋው አካባቢ ወይም ከመከላከያው ሥር፣ ጭቃ በማይመታበት ቦታ ግጠሟቸው። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ኮምፕረሰር መጨመርም ይቻላል፤ በየቀኑ ለሚጭንና ለሚያራግፍ ምቾት ነው፣ በወር አንዴ ለሚጎትት ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

መኪናውን ሳታወርዱ ከረጢቱን አትንፉ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የተነፋ ከረጢት የሚገታው ነገር ስለማያገኝ ከልኩ በላይ ይለጠጣል። ጎማዎቹ መሬት ከረገጡ በኋላ እስከ 30 ፒ ኤስ አይ ንፉት፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀቡ። አረፋ የሠራበት ቦታ እንደገና ይገባል። ከዚያ ግፊቱን ጽፋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ በጥቂቱ ቢቀንስ መለኪያው ራሱ ያስወጣት ትሆናለች፤ በብዙ ከቀነሰ ቱቦውን መርምሩ። 500 ማይል ያህል ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ በቶርክ ቁልፍ ይታያሉ።

ስንት ይነፋ? ቋሚ ቁጥር የለውም፤ የሚለካው በጭነቱ ነው። ተሳቢው ሳይያያዝ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከመሬት እስከ ፊትና ኋላ ጎማዎች መከለያ ጠርዝ ያለውን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ከረጢቱ ትንሹን ግፊት ይዞ፣ ማለትም 5 ፒ ኤስ አይ ያህል፣ ተሳቢውን አያይዙ። ክብደት አከፋፋይ ሂች ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ የፊተኛው ከፍታ ምን ያህል መመለስ እንዳለበት የመኪናችሁ መመሪያ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ኋላው አሁንም ዝቅ ካለ አየር በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፣ የፊቱንም ዳግመኛ ለኩ። ምክንያቱም ኋላው በአየር ሲነሳ የሂቹ ብረቶች ይላላሉ፤ አንዱን ስናስተካክል ሌላውን እናበላሻለን። ኋላው ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። መኪና እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ይሁን የሚል ሕግ የለም።

ባዶ ሲሆን አስተንፍሱት፤ ግን እስከ ዜሮ አታድርሱት። አየር የሌለው ከረጢት በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ይጨፈለቃል፣ ይቆረጣል። ትንሹን ግፊት የሚያሳየውን ቁጥር ቫልቩ አጠገብ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ እኔም እመክራለሁ። በሚኔሶታና በኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ ብርዱን አስቡ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 60 ፒ ኤስ አይ የተነፋ ከረጢት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን አየር ሳያወጣ ወደ 52 ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሚዛን አለ። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ባሉ የከባድ መኪና ማደያዎች ውስጥ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን ይገኛል፤ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ሁሉ ያውቁታል። ለፒክአፕም ክፍት ነው። ወለሉ የተከፋፈለ ስለሆነ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስልና ተሳቢው ለየብቻ ይመዘናሉ። አንዴ ፒክአፑን ብቻውን፣ አንዴ ከተሳቢው ጋር የሂቹ ብረቶች ተፈትተው፣ አንዴ ብረቶቹ ተወጥረው መዝኑ። ከሁለተኛው የፒክአፑ ክብደት የመጀመሪያውን ስትቀንሱ ኳሱ ላይ ያረፈውን ታገኛላችሁ። ከሦስተኛው ደግሞ ፊት ምን ያህል እንደተመለሰ። ለከረጢት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም፤ ቅደም ተከተሉም ሚዛን መጀመሪያ ቢሆን ብዙ ሰው ከረጢቱን ሳይገዛ ይቀራል።

በፒክአፕ መኪና እያጓጓዛችሁ ለምትነግዱም አንድ ቃል። ፒክአፑና ተሳቢው በጽሑፍ የተመደበላቸው ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ከ10,000 ካለፈ፣ ክፍል ኤ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር ሞላ ይህን ስሌት ወደላይም ወደታችም አያንቀሳቅሰውም።

በመጨረሻ፣ "አገር ቤት ላለው ሃይሉክስስ ገዝተን እንላክ ወይ?" ለምትሉ። በአውስትራሊያ የሆነውን ላንሳ። እዚያ ሃይሉክስ፣ ዲማክስና ናቫራ ካራቫን ይጎትታሉ፣ ረጅም የኮረኮንች መንገድ ይሄዳሉ፣ ከኋላ ሳጥናቸው ብዙ ይጫንባቸዋል። የአየር ሞላ ከተገጠመላቸው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች መካከል ሻንሲያቸው የታጠፈ ታይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሌስትራ ሻንሲውን የሚይዘው ከአክስሉ ፊትና ኋላ በሁለት ቦታ ነው፤ ክብደቱን ይከፋፍለዋል። የአየር ሞላ ግን ከአክስሉ በላይ በአንድ ነጥብ ላይ ይገፋል። ከዚያ ነጥብ ጀርባ ኳሱም ጭነቱም ሻንሲውን ቁልቁል ይጎትቱታል፣ ጉድጓዱ ደግሞ ደጋግሞ ይመታዋል። ከረጢቱ ብቻውን አጠፈው ለማለት አይደለም፤ ከአቅም በላይ የሆነው ጭነት ነው ያጠፈው። ከረጢቱ ያደረገው ጭነቱ እንዳይታይ መደበቅ ነው። ስለዚህ ለሃይሉክሱ አትላኩ። ጭነቱ በፋብሪካው ልክ ከሆነና ኋላው ግን ከወረደ፣ እዚያው በእውቀት የተሠራ ባሌስትራ ይሻለዋል።

ጥያቄ ያላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ደውሉ። ስትደውሉ የመኪናችሁን ዓመትና ሞዴል፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና የሚዛኑን ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ። እነዚህን ሳይዝ "ስንት ፒ ኤስ አይ ልንፋ?" ለሚለኝ አድማጭ መልስ የለኝም።